የቆዳ ሐኪም መሆን ለምታስቡ፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ሰላም ለሁላችሁ። የቆዳና የአባላዘር በሽታዎች ስፔሻሊስት ነኝ፤ የምሠራው ጎንደር ነው። ሬዚደንሲ (የስፔሻሊስትነት ሥልጠና) ለማመልከት የምታስቡ ኢንተርኖችና ጠቅላላ ሐኪሞች በግል ብዙ ስለጠየቃችሁኝ፣ ዛሬ ሁሉንም በአንድ ላይ ልመልስ። የማመልከቻ ሕጉ ከዓመት ዓመት ሊለወጥ ስለሚችል የጤና ሚኒስቴርን የዘመኑን ማስታወቂያ ራሳችሁ አንብቡ። ደግሞ የሽፍታ ፎቶ አትላኩልኝ፤ በፎቶ አላክምም።

ኢንተርን ከማራኪ፦ ዶክተር፣ ማመልከቻው እንዴት ነው የሚሄደው?

መልስ፦ ትምህርትህን ትጨርሳለህ፣ የሙያ ፈቃድህን ታወጣለህ። ጥሪ ሲወጣ በኦንላይን ተመዝግበህ ሙያና ዩኒቨርሲቲ ትመርጣለህ። አገር አቀፍ ፈተና ትፈተናለህ፣ ከዚያ ምደባ ነው። ስፖንሰር የሚሆንህ ካለ ደብዳቤውን ቀድመህ ጨርስ። ምዝገባ ሊዘጋ ሲል ማህተም ፍለጋ መሮጥ አያዋጣም።

ቀበሌ 18፦ ለቆዳ ስንት ነጥብ ያስገባል?

መልስ፦ እንደ ቦታውና እንደ ተወዳዳሪው ነው። ቁጥር አልሰጥም።

የአዘዞ ልጅ፦ ለፈተናው የቆዳ መጽሐፍ ልጀምር?

መልስ፦ አይሆንም። ፈተናው የቆዳ ፈተና አይደለም። የውስጥ ደዌ፣ ሕፃናት፣ ቀዶ ሕክምና፣ ማህፀንና ጽንስ ላይ ጊዜህን አጥፋ። የቆዳ መጽሐፍ ስትገባ ትደርስበታለህ።

ሔለን፦ እውነቱን ልናገር ዶክተር። ቆዳን የመረጥኩት ድንገተኛ ስለሌለውና ኑሮው ቀለል ስለሚል ነው። ለቃለ መጠይቅ ቢቀርብልኝ ምን ልበል?

መልስ፦ እውነቱን በመናገርሽ አመሰግናለሁ። ግን ድንገተኛ የለውም ያለሽ ሰው አሳስቶሻል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ወይም ኮትሪሞክሳዞል ጀምሮ፣ ከቀናት በኋላ ቆዳው እንደተቃጠለ ሰው እየተላጠ፣ አፉና ዓይኑ ቆስሎ የሚመጣ ሕመምተኛ አለ። ስቲቨንስ ጆንሰን የሚባል፣ መድኃኒት የሚያመጣው ከባድ የቆዳ ሕመም ነው። መድኃኒቱን ዛሬ ማታ ካላስቆምሽ ነገ ልታጪው ትችያለሽ። የሥጋ ደዌ ሪአክሽን የሚባል ድንገተኛ የቆዳና የነርቭ መቆጣትም አለ። ነርቩ አብጦ እጁ ሲዝል ፕሬድኒሶሎን ካልጀመርሽለት ጣቱ ታጥፎ ይቀራል። ያ ሰው ገበሬ ነው። በምን እጁ ዕርፍ ይይዛል? ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ኑሮ ቅለት አታውሪ። ከመምረጥሽ በፊት ደግሞ ክሊኒክ ገብተሽ ጠዋቱን ሙሉ ተመልከቺ።

ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ከደባርቅ፦ በደንብ ተናገሩ! አሁን ሰው ቆዳ የሚመርጠው አዲስ አበባ ወርዶ ሌዘር ክሊኒክ ለመክፈት ነው።

የአዘዞ ልጅ፦ ታዲያ ምን ችግር አለው? ሐኪም ልጅ አያሳድግም? ደመወዙን እያወቅከው።

ጂፒ ከደባርቅ፦ ልጅ አታሳድግ አላልኩም። ለገበሬው ማን ይቅርለት ነው ያልኩት።

የአዘዞ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ገበሬውን አንተ አክመው እንግዲህ።

መልስ፦ ሁለታችሁም በቃ። የግል ክሊኒክ መክፈት ነውር አይደለም። ሥጋ ደዌ መለየት የማይችል የቆዳ ሐኪም መሆን ግን ነውር ነው። ይህ የጎንደር ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ሠራተኛ አሠልጥኖ ወደ ገጠር ለመላክ ነበር። ይህንን አትርሱ። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ሬዚደንት መሆን የሚመኝ፦ ጎንደር ላይ ብማር ከሌላ ቦታ የተለየ ምን አያለሁ? ቁንጭር ብዙ ነው ሲሉ እሰማለሁ።

መልስ፦ ይህንን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በደጋችን ቁንጭር በአብዛኛው የሚመጣው ሌሽማንያ ኤቲዮፒካ ከሚባል ጥገኛ ተሐዋሲ ነው። ተሐዋሲው ገደልና ዋሻ ውስጥ በሚኖረው ሽኮኮ ላይ ይቆያል፤ ወደ ሰው የምታመጣው የአሸዋ ዝንብ ናት። ሦስት መልክ አለው። አንደኛው ጉንጭ ወይም አፍንጫ ላይ የሚወጣ ቁስል ነው። ሁለተኛው አፍንጫና ከንፈር ውስጥ ገብቶ ይበላል። ሦስተኛው ፊት፣ ጆሮና ክንድ ላይ እብጠት ይደረድራል፤ ብዙ ሐኪም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ሥጋ ደዌ ይመስላልና። ታዲያ እንዴት ትለያለህ? ነርቩን ዳስስ። ሥጋ ደዌ ነርቭ ያወፍራል፣ ስሜት ያደነዝዛል፤ ቁንጭር ይህን አያደርግም። ከዚያ ናሙና ውሰድ። ለቁንጭር በጊምዛ፣ ለሥጋ ደዌ በዚል ኒልሰን ቀለም ታያለህ።

ትንሽና አንድ ቁስል ከሆነ በቅዝቃዜ ማከም ወይም መድኃኒቱን እዚያው ቁስሉ ላይ መውጋት ይቻላል። አፍንጫ ውስጥ ከገባ ግን መላ ሰውነትን የሚያክም መድኃኒት ይፈልጋል። ከመተማ በኩል ደግሞ ካላዛር፣ ማለትም የውስጥ አካልን የሚያጠቃው ሌሽማንያ አለ፤ ድኖ ከሄደ በኋላ ቆዳው ላይ ሽፍታ የሚወጣበት ሰው አለ። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ካላዛር ሲነሣ መጀመሪያ መድኃኒት የለመደ ወባ ነው ተብሎ ነበር። የማታስበውን በሽታ አታገኘውም። ለዚህ ነው ጎንደር ተማሩ የምለው። የሌሽማንያ ሕክምናና ምርምር ማዕከሉም እዚሁ ነው፤ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ፍለጋ ሩቅ አትሄዱም።

ከጋይንት፦ በእኛ አገር የሌሊት ወፍ ነው የሚያመጣው ይላሉ። አክስቴ ጠበል ገብታ ድናለች።

ጂፒ ከደባርቅ፦ ቁስሉ በራሱ ጊዜ ሽሮ ይሆናል እንጂ...

ከጋይንት፦ አንተ እምነት የለህም ማለት ነው?

መልስ፦ የእምነት ክርክር አትክፈቱብኝ። ጠበል የሚገባ ይግባ፤ መድኃኒቱን አያቋርጥ። ሕመምተኛውን «ለምን ጠበል ሄድክ» ብላችሁ ከተቆጣችሁ ሁለተኛ አይመጣም። አንዳንዱ ቁስል ሽሮም ጠባሳ ይተዋል፤ አፍንጫ የገባው ደግሞ ይባስ። የሌሊት ወፍ አይደለም፣ የአሸዋ ዝንብ ናት።

ቤዛ፦ ለለምጽና ለማድያት ጥሩ ቅባት ንገሩኝ እባክዎ?

መልስ፦ ለሁለቱ አንድ ቅባት የለም። ተመርመሪ። ከሱቅ የሚገዛ ቆዳ የሚያቀላ ቅባት ግን ስቴሮይድ ሊኖርበት ስለሚችል አትቀቢ።

ቀበሌ 18፦ ዶክተር፣ ባለፈው ዓመት ስንት ነጥብ ነበር መግቢያው?

መልስ፦ መልሼዋለሁ። ከላይ አንብብ።

ሰላም ነኝ፦ መጽሐፎቹ ላይ ያለው ሥዕል ሁሉ የነጭ ቆዳ ነው። ለእኛ ሰው እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ትክክለኛ ቅሬታ ነው። መጽሐፉ «ቀላ ያለ» ሲል በእኛ ሰው ላይ ወይን ጠጅ፣ ጥቁር ቡኒ ወይም ከአካባቢው ጠቆር ያለ ሆኖ ነው የምታይው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ በእጅሽ መርምሪ። ይሞቃል? ይጠጥራል? ዓይኑን፣ የአፉን ውስጥ፣ መዳፉን እይ። በመስኮት ብርሃን መርምሪ፣ የክፍሉ አምፖል አይበቃም። ልብሱን አስወልቂ፣ ጀርባውንም እግሩንም እይ። ክንዱን ብቻ አሳይቶሽ የሚወጣ ሕመምተኛ መቀመጫው ላይ የደነዘዘ ነጠብጣብ ይዞ ሊሄድ ይችላል። የእኛን ሰው ቆዳ በፈቃዳቸው ፎቶ አንሺ፤ የራስሽን ማኅደር ሥሪ። ደግሜ እላለሁ፣ ምን እንደሆነ ሳታውቂ ስቴሮይድ አትዘዢ። ጭርትን ያደበዝዘዋል፣ ይስፋፋል፣ ከዚያ ማንም አይለየውም።

ያሬድ፦ አሜሪካ ሄጄ ቆዳ ልማር እችላለሁ?

መልስ፦ ከባድ ነው፤ እዚያም እጅግ ፉክክር ያለበት ሙያ ነው። ከዚህ በላይ የእኔ ርዕስ አይደለም።

ስም አልጠቅስም፦ ዶክተር፣ ባጠቃላይ ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ስለ ምን? ጥያቄ ጠይቁ እንጂ።

ጤና ጣቢያ ላይ ያለሁ፦ አንድ የ14 ዓመት ልጅ አለ፣ ክንዱ ላይ ነጣ ያለ ነገር አለው። ፈንገስ ነው ብለው ቅባት ሰጥተውታል፤ ወራት ሆነው፣ አልለቀቀውም። አያሳክከውም ይላል።

መልስ፦ አየህ፣ ጥያቄ እንዲህ ነው የሚጠየቅ። ነገ ጥራው። ዓይኑን አስጨፍነህ በጥጥ ጫፍ ነጣ ያለውን ቦታ ንካ፤ የት እንደተነካ በጣቱ ያሳይህ። ከዚያ በጤነኛው ክንድ ድገመው። ክርኑን አጥፈህ ከውስጥ በኩል ያለውን ነርቭ በሁለቱም እጅ አወዳድር፤ ወፍሮ ያመዋል? ትንሿን ጣት ወደ ጎን ከፍቶ ስትገፋት መቋቋም ይችላል? ከደነዘዘ ሥጋ ደዌ ነው ብለህ አስብ። መድኃኒቱ ነፃ ነው፤ እንደ ዓይነቱ ለ6 ወይም ለ12 ወር ይሰጣል። አብረውት የሚኖሩትንም ሁሉ እይ። እናቱን አታስደንግጥ፣ ግን አትዋሻት፤ በጊዜ ከተጀመረ ልጇ በደንብ እንደሚድን ንገራት። ነርቩ አሞት እጁ ከደከመ ግን ነገን አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ላከው።

ጤና ጣቢያ ላይ ያለሁ፦ እሺ ዶክተር። ነገ ጠዋት ወደ ቤታቸው እሄዳለሁ።

መልስ፦ ሂድ። ያየኸውን ማታ ጻፍልኝ፤ ፎቶ ግን አትላክ።