ጥያቄና መልስ፦ የቆየ ጄኔሬተር ሪሌይ ስንት ላይ ይሁን?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን በሚገኝ የዱቄት ፋብሪካ በጥገና እሠራለሁ። መብራት ሲጠፋ የምናስነሣው 250 ኬቪኤ፣ 400 ቮልት የሆነ የቆየ የናፍጣ ጄኔሬተር አለን። ከረንት ትራንስፎርመሮቹ 400 በ5 ናቸው (400 አምፔርን ወደ 5 አምፔር አሳንሰው ለሪሌዩ ይሰጣሉ)፤ ከረንት ሲበዛ ብሬከሩን የሚያስጥለው ሪሌይም ዲስኩ የሚዞር የድሮ ዓይነት ነው። 55 ኪሎዋት የሆነውን የወፍጮ ሞተር ባስነሣን ቁጥር ብሬከሩ ስለሚጥልብን ሴቲንጉን ከፍ አደረግነው። ባለፈው ወር ግን አንድ ኬብል ሾርት አድርጎ ሲቃጠል ብሬከሩ ጨርሶ አልጣለም። ትክክለኛው ልክ ስንት ነው?

መልስ፦ ሪሌዩ ጤነኛ ሆኖም ብሬከሩ ላይጥል ይችላል። ከመሥመር የሚመጣ ኃይል ሾርቱን ሳያቋርጥ ይመግበዋል፤ ጄኔሬተር ግን በመጀመሪያው ቅጽበት የሙሉ ጭነቱን ብዙ እጥፍ ከሰጠ በኋላ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይዳከማል። በተለይ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያው ኃይል የሚያገኘው ከራሱ ከጄኔሬተሩ መውጫ ከሆነ፣ ቮልቴጁ ሲወድቅ የጄኔሬተሩ የማግኔት ኃይልም አብሮ ስለሚወድቅ፣ ከረንቱ ከሙሉ ጭነት በታች ሊወርድ ይችላል። ዲስኩ ደግሞ ዞሮ ብሬከሩን የሚያስጥለው ከልኩ ያለፈ ከረንት ለሰከንዶች ሲቆይለት ነው። ስለዚህ ሴቲንጉን ከፍ ማድረጋችሁ ችግሩን አባብሶታል።

የ250 ኬቪኤ ሙሉ ከረንት 361 አምፔር ነው። ይሁን እንጂ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው አቅም አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ የሚሠራ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ በየ500 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ይቀነሳል፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ለምትገኘው ደብረ ብርሃን 320 አምፔር አካባቢ ይደርሳል። የናፍጣ ሞተሩ ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ከሆነ በአየሩ መሳሳት ከዚህም የባሰ ይጎድልበታል። የዚህ ዓይነት ሪሌይ ልኩ የሚመረጥበት መሰኪያ ብዙውን ጊዜ 2.5፣ 3.75፣ 5 አምፔር እያለ ስለሚሄድ፣ እኔ 3.75ን፣ ማለትም በጄኔሬተሩ በኩል 300 አምፔርን፣ እመርጣለሁ።

ይህ ከመጠን ያለፈ ጭነትን ይከላከላል፤ የተዳከመውን ሾርት ግን አያይም። ለእርሱ ቮልቴጅ ሲወድቅ ልኩን በራሱ ዝቅ የሚያደርግ ሪሌይ፣ አለዚያም ከሞተር መነሻ ጊዜ ትንሽ የሚዘገይ የዝቅተኛ ቮልቴጅ ሪሌይ ያስፈልጋችኋል።

የወፍጮ ሞተሩ መነሣት በሪሌይ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም። በቀጥታ ሲነሣ እስከ 600 አምፔር ሊስብ የሚችለው ሞተር፣ በስታር ዴልታ (መጀመሪያ በዝቅተኛ ቮልቴጅ፣ ከዚያ በሙሉ) ቢነሣ የመሥመሩ ከረንት ወደ ሲሶ ይወርዳል።

የሪሌዩን መስታወት ከፍታችሁም እዩት፤ የዱቄት ብናኝ ዲስኩና ማግኔቱ መካከል ገብቶ ማዘግየቱ በወፍጮ ቤት የሚጠበቅ ነው። ካጸዳችሁት በኋላ 7.5 አምፔር፣ ማለትም የ3.75ን እጥፍ፣ በመሞከሪያ መሣሪያ ስጡት፤ መደበኛው ዓይነት ከሆነ፣ የጊዜ ማስተካከያው 0.3 ላይ ሲሆን በ3 ሰከንድ አካባቢ ብሬከሩን የሚያስጥለውን መገናኛ መዝጋት አለበት። ለሙከራው ጄኔሬተሩን አጥፉ፤ በሥራ ላይ እያለ የከረንት ትራንስፎርመሩን ሽቦ መፍታት ግን ገዳይ ቮልቴጅ ስለሚፈጥር፣ ሁለቱን ጫፎች ሳታገናኙ በፍጹም አትንኩት።