ከማዘርቦርዱ ወይስ ከሳውንድ ካርዱ? ስለ ዲጂታል ድምፅ ለጠየቃችሁኝ

ሰላም ጅማዎች! ጠይቁኝ ብያችሁ ጥያቄው ጎረፈ፣ ደስ ብሎኛል። ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ ድምፁን ከማዘርቦርዱ (ከኮምፒውተሩ ዋና ቦርድ) ላውጣው ወይስ ለብቻው ከሚገዛ ሳውንድ ካርድ ነው። ዛሬ የምመልሰው በዋናነት የዲጂታል መውጫን ነው። በኦፕቲካል ወይም በኮአክሲያል ገመድ ከኮምፒውተር ወጥቶ ሪሲቨር (የዲሹ ሳይሆን ስፒከሮቹን የሚያጫውተው አምፕሊፋየር) ወይም ዳክ (ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚቀይረው ዕቃ) ውስጥ የሚገባውን ድምፅ ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ ሪሲቨሬ በኦፕቲካል ከማዘርቦርዱ ጋር ተገናኝቷል። መርካቶ ያገለገለ ሳውንድ ካርድ አገኘሁ። ብገዛው ድምፁ ይጠራልኛል? (ከፈረንጅ አራዳ)

አይጠራም ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ። በዚያ ገመድ የሚሄደው ቁጥር ነው። ለሲዲ ጥራት በሰከንድ 44,100 ጊዜ፣ ለግራም ለቀኝም 16 ቢት ቁጥር ይላካል። ቁጥሩ ወደ ድምፅ የሚቀየረው ሪሲቨሩ ውስጥ ባለው ዳክ ነው። ካርዱን የሚያስወድደው የራሱ ዳክ ነው፣ በኦፕቲካል ስታወጣ ግን ድምፁ በእሱ በኩል አያልፍም፣ ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። ቁጥሩ ሳይነካ ከደረሰ ሪሲቨሩ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ብር ካለህ ስፒከሩ ላይ አውለው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የማዘርቦርድ ድምፅ አይረባም የሚባለው ከየት መጣ?

ከአናሎጉ ጃክ፣ ማለትም ከሄድፎን መሰኪያው ነው፣ እዚያ ላይ እውነት አለው። ማውስ ስታንቀሳቅሱ በሄድፎን ጭር ጭር የሚለው እሱ ነው። በዲጂታሉም ድሮ ችግር ነበር። በ1997 የወጣው ኤሲ 97 የሚባለው አሠራር በ48,000 ኸርዝ (በሰከንድ 48,000 ጊዜ) ላይ የተመሠረተ ስለነበር የሲዲው 44,100 በመንገድ ይቀየር ነበር። ግን ያኔ ስሙ የገነነው ሳውንድ ብላስተር ላይቭ የሚባለው ካርድም ሁሉንም ወደ 48,000 ይቀይር ነበር! በ2004 ኢንቴል ኤችዲ ኦዲዮ የሚባለውን አዲስ አሠራር ካወጣ ወዲህ የማዘርቦርዱ ቺፕ 44,100ንም እንደራሱ ማስተናገድ ይችላል።

ጥያቄ፦ ቁጥሩ ሳይነካ መድረሱን በምን አውቃለሁ? (የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

ይሄን ጥያቄ ወደድኩት። ዲቲኤስ የተደረገ (ብዙ ቻናል ድምፅ የታመቀበት) ዋቭ ፋይል ፈልግና ፉባር 2000 በሚባለው ማጫወቻ፣ የዊንዶውሱን ሚክሰር በሚያልፈው በዋሳፒ ኤክስክሉሲቭ አጫውተው። ማጫወቻው ላይ ያለውን ድምፅ እስከ ጫፍ አድርገው፣ ኢኳላይዘር ካለ አጥፋው። ሪሲቨሩ ላይ ዲቲኤስ የሚለው ጽሑፍ ከበራ ቁጥሩ ሳይነካ ደርሷል። አሁን ድምፁን በማጫወቻው ትንሽ ቀንስ። ጽሑፉ ይጠፋና ሹሹሹ የሚል ይሰማሃል፣ ቁጥሩ ስለተነካ ነው። ስፒከርህ እንዳይጎዳ መጀመሪያ የሪሲቨሩን ድምፅ ዝቅ አድርገው። ይሄን ፈተና ያለፈ ማዘርቦርድ በዚህ ሥራ ከውድ ካርድ አያንስም። ፈተናውን ከወደቀ መጀመሪያ ኤክስክሉሲቩ መብራቱን አረጋግጥ፣ ያለ እሱ የዊንዶውሱ ሚክሰር ሁሉንም እናንተ ሴቲንግ ላይ ወደመረጣችሁት ኸርዝ ይቀይረዋል። ሙዚቃ ብቻ የምትሰሙ 44,100 ላይ አድርጉት። ፊልም ለሚያዩ 48,000 ይሻላል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ኮምፒውተሩን ከአምፕሊፋየሩ ጋር ሳገናኘው እምምም ይላል። ካርድ ልግዛ? (አንድ አባት)

አይግዙ አባቴ። ይሄ ብዙ ጊዜ የግራውንድ (የመሬት መስመር) ጣጣ ነው። ኮምፒውተሩና አምፕሊፋየሩ ከተለያየ ሶኬት ላይ ሲሆኑ፣ በተለይ የዲሽ ገመድም ከተጨመረ፣ በድምፅ ገመዱ ብረት በኩል ኤሌክትሪክ ይዞራል። መጀመሪያ ሁለቱንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩ። ካልጠፋ ኦፕቲካል መግቢያ ያለው ትንሽ ዳክ መሀል ላይ ያስገቡ። ኦፕቲካል ገመድ ውስጥ የሚሄደው ብርሃን ነው፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በጅማ ክረምት መብረቁን ያውቁታል፣ በዚያ ገመድ በኩል እሱም አያልፍም። ከመሰካትዎ በፊት ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ቆብ ያውልቁ። እሷ ተረስታ "ገመዱ ተበላሸ" የተባለበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ፊልም በ5.1 (በስድስት ቻናል) ይሠራል፣ ጌም ግን በሁለት ስፒከር ብቻ። ለምን?

እዚህ ላይ ካርድ ትርጉም አለው። ኦፕቲካል ያልታመቀ ድምፅ የሚይዘው ለሁለት ቻናል ብቻ ነው። ፊልሙ ቀድሞ በዶልቢ ወይም በዲቲኤስ ታምቆ ስለመጣ እንዳለ ያልፋል። ጌም ግን ድምፁን እዚያው እየፈጠረ ነው፣ ስለዚህ በቅጽበት የሚያምቅለት ዶልቢ ዲጂታል ላይቭ ወይም ዲቲኤስ ኮኔክት ያስፈልገዋል። አንዳንድ ካርዶች አላቸው፣ ብዙ ማዘርቦርዶች የላቸውም። ሪሲቨርህ ኤችዲኤምአይ ካለው ግን ከግራፊክስ ካርዱ በዚያ አውጣው፣ ስምንት ቻናል ሳይታመቅ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ጂተርስ?

አለ፣ ቁጥሮቹ የሚደርሱበት ጊዜ በጥቂቱ መዛነፍ ነው፣ በመሣሪያ ይለካል። አብዛኛው ዘመናዊ ዳክ ግን ራሱ ያስተካክለዋል። ለእሱ ብላችሁ ካርድ አትግዙ።

ጥያቄ፦ መንዙማ እቀዳለሁ፣ ማይኩን ማዘርቦርዱ ላይ ነው የምሰካው። ይበቃኛል?

አይበቃሽም እህቴ። ቀረጻ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ማይክ አናሎግ ነው፣ ወደ ቁጥር የሚለወጠው መግቢያው ላይ ነው፣ እዚያ የገባ ጫጫታ ደግሞ በኋላ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ጥሩ ማይክ ፕሪአምፕ (የማይኩን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ) ያለው፣ በዩኤስቢ የሚሰካ የቀረጻ ሳጥን፣ ኦዲዮ ኢንተርፌስ የሚባለውን ግዢ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ከሚገባ ካርድ ይልቅ እሱን የምመርጥልሽ ከኮምፒውተሩ ውጪ ስለሆነ ነው፣ ከፓወር ሰፕላይውና ከግራፊክስ ካርዱ ጫጫታ ይርቃል። ላፕቶፕ ላይም ይሠራልሻል።