ቀጠሮው ከገና በኋላ ነው

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጇ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ትዕግሥቴ አልቆ ነው የምጽፍልዎ። ሰውየው አንድ ቀን እንኳ «እጅሽ እንዴት ሆነ?» ብሎ አልጠየቀኝም። ሰፈራችን አንድ ነው። እድራችን አንድ ነው። ጠዋት ጠዋት መጋዘኑን ሊከፍት ሲሄድ በበሬ ነው የሚያልፈው። አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

ሰባራ ባቡር ነው የምኖረው። ፒያሳ ላሉ ምግብ ቤቶች እንጀራ እየጋገርኩ አስረክባለሁ። በ2016 የታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት፣ እንጀራ አድርሼ ስመለስ፣ የሰውየው አይሱዙ ወደ ኋላ ሲመጣ ከግንቡ ጋር አጣበቀኝ። ከኋላ ሆኖ የሚያይለት ረዳት አልነበረም። የቀኝ እጄ አንጓ ተሰባበረ። ብረት ገባለት። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን አንስቷል። ለመጀመሪያው ሕክምና ኢንሹራንሱ ትንሽ ከፈለ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ከኪሴ ነው።

ሾፌሩ በወሩ ሥራውን ለቆ ጠፋ። ባለመኪናው ደግሞ «እኔ አልገጨኋት፣ የገጫትን ትጠይቅ» ማለቱን ከሰው ሰማሁ። ለሰው ከሚናገር ለእኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ገንዘቡ አይደለም ያንገበገበኝ። አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞ ቢመጣ ይበቃኝ ነበር። ሰው እንደዚህ ይጨክናል?

አሁን ሊጥ ማዞር አልችልም። ትንሽ ከያዝኩ እጄ ይደነዝዛል። የምትጋግረው ትልቋ ልጄ ናት። የቀን ትምህርቷን ወደ ማታ አዙራለች፤ እሷ እንኳን አልከፋትም። ሽማግሌዎች ገብተው ሦስት ጊዜ ተቀምጠናል። በ20 ሺህ ብር ጀምሮ አሁን 35 ሺህ ደርሷል። የመጨረሻው ቀጠሮ ከገና በኋላ ነው፤ ያን ቀን ተፈራርመን እንጨርሳለን ብለውኛል። ሐኪሙ ብረቱ የሚወጣበት ሌላ ኦፕራሲዮን አለ ስላለኝ፣ እኔም ወጪዬ ተጠቃሎ ይታወቅ ብዬ ዝም አልኩ። በሦስቱም ስብሰባ ግን ሰውየው ቀና ብሎ አላየኝም።

የጎረቤት ልጅ «ክሰሺው» ይለኛል። እንዴት እንደሚከሰስ፣ መቼ እንደሚከሰስ አላውቅም። ደግሞ ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ የዚህ ሰው ሚስት ሦስት ሌሊት እኔ ጋ አድራለች። የእሷን ባል ፍርድ ቤት ባቆመው ውለታ ቢስ አልባልም? እባክዎ ይህን ይንገሩኝ።

እናት ነኝ፣ ከሰባራ ባቡር
ኅዳር 5 ቀን 2018

*

እህቴ፣

«ከገና በኋላ» የምትለዋ ጋ ስደርስ ደነገጥኩ። ካላንደር አምጪና አብረን እንቁጠር። የተጎዳሽው ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ነው። ከገና በኋላ ማለት ደግሞ ከታኅሣሥ 29 ቀን 2018 ወዲያ ማለት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2143 ጉዳት የደረሰበት ሰው ካሣ ለመጠየቅ ያለው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ አንሥቶ ሁለት ዓመት ነው ይላል። ያንቺ ሁለት ዓመት የሚሞላው ታኅሣሥ 20 ላይ ነው፤ ከቀጠሮው በፊት። ይህን የምጽፍልሽ ኅዳር 12 ነው። 38 ቀን ቀርቶሻል።

ሽማግሌዎቹ ሆን ብለው ነው አልልሽም። ስለማላውቃቸው በክፉ አልጠረጥራቸውም። ነገር ግን በዚያ ቀጠሮ ሰውየው ሐሳቡን ቢለውጥ፣ ወይም 35 ሺሁን ወደ 10 ሺህ ቢያወርደው፣ በእጅሽ ምን ይቀራል? ሽምግልናው ቀን መቁጠሩን ያቆምልኛል ብለሽ እንዳትመኪ።

ይህን እንዲህ አጥብቄ የምናገረው የወንድሜን ነገር ስላየሁ ነው። እግሩን መኪና መታው። እኛም እንደ አንቺ «ይዳን፣ ከዚያ እንጠይቃለን» አልን። ፍርድ ቤት የቀረብነው በሁለት ዓመት ከሦስት ወር ነው። የተከሳሹ ጠበቃ በመጀመሪያ መቃወሚያው «ይርጋ» አለ፤ የመክሰሻው ጊዜ አልፏል ማለቱ ነው። እግሩ ምን ያህል እንደተጎዳ የጠየቀን እንኳ አልነበረም። ወንድሜ ዛሬም ያነክሳል። ጥፋቱ በወንጀል የሚያስከስስ ከሆነ ረዘም ያለ ጊዜ የሚገኝበት መንገድ አለ፤ ያ ግን ራሱ ክርክር ነው። በእጅሽ 38 ቀን እያለ ለምን ወደዚያ ትገቢያለሽ?

ኦፕራሲዮኑን መጠበቅሽ ስህተት ነው። እቆጣሻለሁ። አንቀጽ 2092 ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይካሳል ይላል። ብረቱ እንደሚወጣ ሐኪሙ ከጻፈልሽ፣ ወጪው ዛሬ የሚጠየቅ ነው። እንዲያውም ዛሬ ካልጠየቅሽው ሊቀርብሽ ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 216 መሠረት ከአንድ ነገር የሚመነጭ ጥያቄ ሁሉ በአንድ ክስ መጠቃለል አለበት። ሕክምናው፣ የታክሲው፣ የቀረብሽ ገቢ፣ ወደፊት የሚቀርብሽ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይግባ።

«እኔ አልገጨኋት» ያለውን ደግሞ ተይው። አንቀጽ 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። ሾፌሩ መጥፋቱ ባለመኪናውን ነጻ አያወጣውም። ኢንሹራንሱም የሚከፍለው እስከ ጣሪያው ነው። ከዚያ በላይ ያለው ወደ ባለቤቱ ይሄዳል።

ንግድ ፈቃድ የለኝም፣ ገቢዬን በምን አስረዳለሁ ትዪኝ ይሆናል። እንጀራ ስታስረክቢ የምትጽፊበት ደብተር የለሽም? ማስረጃ ነው። የምግብ ቤቶቹ ባለቤቶች ምስክር ይሆኑሻል። ልኩ በትክክል ሊታወቅ ካልቻለ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም በሚዛናዊ ግምት፣ እንዲወስን ሕጉ ሥልጣን ሰጥቶታል። ከትራፊክ ፖሊስ የፕላኑን ቅጂ ጠይቂ። ከታከምሽበት ሆስፒታል የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ እንዲሰጥሽ አመልክቺ። እጅሽ ከመቶ ስንት እጅ ለዘለቄታው እንደተጎዳ የሚገልጸው እሱ ነው፤ ትልቁ ገንዘብ የሚሰላውም በእሱ ነው። ቦርዱ ሊዘገይ ስለሚችል ዛሬ ነገ አትበዪ። ቢዘገይም ክሱን አታቆዪው፤ ማስረጃውን ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብልሽ ጠይቂ።

የልብ ስብራትሽን ግን ሕጉ በገንዘብ ብዙም አያይልሽም። ለሞራል ጉዳት የሚፈቅደው ካሣ ከ1,000 ብር አይበልጥም። በ1952 የወጣ ሕግ ነው፤ ያኔ 1,000 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር። ሰላም ያላለሽን ሰው ፍርድ ቤት ሰላም አያስብልልሽም። እሱን ከእሱ አትጠብቂ።

የምትሄጂው ወደ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ አደጋው የደረሰበት ወይም ተከሳሹ የሚኖርበት ምድብ ችሎት። የዳኝነት ክፍያው በምትጠይቂው ገንዘብ ልክ ስለሆነ ሊከብድሽ ይችላል። አቅም እንደሌለሽ አስረድተሽ በደሃ ደንብ፣ ማለትም ክፍያውን ሳትከፍዪ፣ እንድትከሺ ማመልከት ትችያለሽ። ጠበቃ ለመያዝ ከቸገረሽ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ሰኞ ጠዋት እዚያ ሂጂና ቀኑን ከሁሉ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ሽማግሌዎቹ ፈርሚ የሚሉሽን የእርቅ ወረቀት ግን እንዳትፈርሚ። የእርቅ ስምምነት በሕጋችን በተፈራረሙት ሰዎች መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው። 35 ሺህ ተቀብለሽ ብትፈርሚና ብረቱ ሲወጣ እጅሽ ቢብስ፣ መመለሻ የለሽም።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ልምጣ። ሦስት ሌሊት አንቺ ጋ ማደሯ ትልቅ ነገር ነው፤ አትርሺላት። ግን ያ የእሷና ያንቺ ነው። እጅሽን የሰበረው የባሏ መኪና ነው። ደግሞም ክስ መመሥረት እርቁን አያፈርሰውም። መዝገብ ከተከፈተ በኋላም መስማማት ይቻላል፤ ፍርድ ቤቱ ስምምነታችሁን መዝግቦ ይዘጋዋል። ሽማግሌዎቹ ከገና በኋላም ይቀመጡ። ያኔ ግን ሰውየው የሚቀመጠው ሊያመልጥሽ እንደማይችል አውቆ ነው።

ውለታ ካነሣሽ ደግሞ አንድ ሰው ረስተሻል። ልጅሽ የቀን ትምህርቷን ትታ ያንቺን ምጣድ ይዛለች። «አልከፋትም» ብለሽ በአንድ መሥመር አለፍሻት። እኔ አላለፍኳትም። ስንት ሰዓት ነው የምትነሣው? ማታ ደብተሯ ላይ እንቅልፍ አይጥላትም? ከካሣው የመጀመሪያው ብር ጋጋሪ መቅጠሪያ ይሁን፤ እሷ ወደ ቀን ክፍሏ ትመለስ።

ወደ ሴትዮዋ ራስሽ ሂጂ። ቡና አፍልታ ስታስቀምጥሽ ከአፍሽ ትስማው፦ «ልከስ ነው፣ ቀኑ ሊያልፍብኝ ነው፣ አንቺን አልጠላሁም» በያት። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ይሻላል። አንቺ ራስሽ ከሰው መስማቱ እንዴት እንደሚያቆስል ታውቂያለሽ።

መዝገቡ ሲከፈት ቁጥሩን ላኪልኝ። ኅዳር ሳያልቅ እጠብቃለሁ።