ያያችሁትን ጉድለት ተናገሩ

ሰላም ልጆች። ይህን የምጽፈው ሶፍትዌር ለምትሠሩና ሙያውን ለምትማሩ ነው። ዋይ ቱ ኬን፣ ማለት 2000 ሲገባ ኮምፒውተሮች ዓመቱን ያሳስታሉ የተባለውን ችግር፣ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በቀልድ ነው። «ዓለም ሊጠፋ ነው ተብሎ ምንም ሳይሆን አለፈ» ሲባል እሰማለሁ። እኔ ያኔ ዋሽንግተን አካባቢ አንድ የመድን ድርጅት ውስጥ ፕሮግራመር ነበርኩ። ምንም ሳይሆን ያለፈው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የኮምፒውተር ሚሞሪ እጅግ ውድ ነበር። መረጃ የሚገባውም አንዱ 80 ፊደል ብቻ በሚይዝ የወረቀት ካርድ ነበር። ስለዚህ 1967 ለማለት 67 ተብሎ ይጻፍ ነበር። ለጊዜው ብልህነት ነበር። ቦብ ቤመር የሚባል አሜሪካዊ ባለሙያ ገና በ1970ዎቹ አስጠንቅቆ ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም። «ይሄ ፕሮግራም እስከ 2000 የት ይቆያል» ተባለ። ፕሮግራሙ ግን ቆየ።

ችግሩን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ኮዱ የተጻፈው ኮቦል በሚባል የድሮ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። አንድ ውል በ97 ተጀመረ እንበል። ኮምፒውተሩ የውሉን ዕድሜ ለማወቅ ከያዝነው ዓመት ላይ 97 ይቀንሳል። ዓመቱ 99 ከሆነ መልሱ 2 ነው፤ ልክ ነው። 2000 ሲገባ ግን ከ00 ላይ 97 ይቀነሳል። መልሱ ከዜሮ በታች 97 ይሆናል። ቁጥሩ የሚቀመጥበት ቦታ የመቀነስ ምልክት እንዲይዝ ካልተሠራ ደግሞ ምልክቱ ይጠፋል። የሦስት ዓመት ውል የ97 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ቁጭ ይላል። ፕሮግራሙ አይቆምም፣ አይጮህም። የተሳሳተ ሒሳብ እያወጣ ሥራውን ይቀጥላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነበር። የቆመ ማሽን ቢያንስ ሰው ያየዋል።

የእኛ ሥራ እንዲህ ያሉ መስመሮችን ለቅሞ ማውጣት ነበር። ኮዱን የጻፉት ሰዎች ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ከስሙ ቀን መሆኑ የማይታወቅ የመረጃ መስክ ሞልቷል። አድካሚ ነው፤ ግን የሚቻል ሥራ ነው። ከዚህ ይልቅ የከበደው መነጋገሩ ነበር።

ድርጅቶች ፈሩ። «ሲስተማችን ላይ ችግር አግኝተናል» ብለው ቢጽፉ ነገ ጠበቃ ወረቀቷን ይዞ ይከሳቸዋል። ስለዚህ ችግሩን ብቻ ሳይሆን ያገኙትን መፍትሔም ደበቁ። ሶፍትዌር ለሸጡልን ሁሉ «ፕሮግራማችሁ 2000ን ያልፋል ወይ?» ብለን ጻፍን። የሚመጣው መልስ ብዙውን ጊዜ ጠበቃ የጻፈው ነበር። ሦስት ገጽ ሙሉ አነብና አዎ ይሁን አይደለም ሳላውቅ እጨርሳለሁ። እንዲህ እየሆነ አንዱ ቢሮ በአንድ ወር የፈታውን ችግር ሌላው ቢሮ ከዜሮ ይጀምረዋል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚለው ያባቶች አባባል ለዚያ ዘመን የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

ኦክቶበር 1998 አሜሪካ አንድ ሕግ አወጣች። ስለ 2000 ዝግጅቱ በቅንነት መረጃ ያካፈለ ድርጅት በዚያው መረጃ እንዳይጠቃ ከለላ የሚሰጥ ሕግ ነው። ብዙ ሰው ከነመኖሩም አያስታውሰውም። ለእኔ ግን የዚያን ዘመን ትልቁ ሥራ እሱ ነው። ሰው ያለ ፍርሃት እንዲናገር በር ከፈተ።

አገሮችም ያው ናቸው። «አልተዘጋጀሁም» ብሎ መናገር የሚወድ መንግሥት የለም። ገንዘብ ያለው ይሸሻል፣ ሕዝቡ ባንክ በር ላይ ይሰለፋል። ዲሴምበር 1998 ኒውዮርክ፣ የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ ከ120 በላይ አገሮች ተጠሪዎች ተሰበሰቡ። ነገሩን ከፊት ሆነው የገፉት የፓኪስታኑ አምባሳደር አህመድ ካማል ነበሩ። ፌብሩዋሪ 1999 ደግሞ በዓለም ባንክ ድጋፍ ዋሽንግተን ላይ አንድ አነስተኛ ማዕከል ተከፈተ፤ ብሩስ ማኮኔል የሚባል ሰው ይመራው ነበር። ይህ ማዕከል የማንንም ኮድ አላስተካከለም። አገሮች ተጠሪ እንዲሰይሙ፣ ተጠሪዎቹ እንዲተዋወቁ፣ መብራቱ፣ ስልኩ፣ ባንኩና አየር መንገዱ የት እንደደረሰ በግልጽ እንዲነጋገሩ አደረገ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ እንደገና ሲሰበሰቡ ከ170 በላይ አገሮች መጡ።

ከሁሉም የሚደንቀኝ የሩሲያና የአሜሪካ ነገር ነው። በ1999 ጸደይ በኮሶቮ ጦርነት ምክንያት ተኳርፈው በዚህ ጉዳይ መነጋገራቸውንም አቋርጠው ነበር። በኋላ ግን ታረቁና ሴፕቴምበር ላይ ተፈራረሙ። ዓመቱ ሲለወጥ ሃያ ገደማ የሩሲያ መኮንኖች ኮሎራዶ፣ ፒተርሰን የአየር ኃይል ሰፈር ውስጥ ከአሜሪካኖቹ ጎን ተቀምጠው አንድ ላይ ስክሪን ይመለከቱ ነበር። አንዱ ወገን ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ሚሳይል ተተኩሷል ቢለው፣ አጠገቡ ያለውን ሰው ዞር ብሎ ይጠይቀው ዘንድ። እርስ በርስ ሚሳይል ያነጣጠሩ ሰዎች ይህን ካደረጉ፣ እኛ ሁለት ቢሮዎች መነጋገር እንዴት ያቅተናል?

ዲሴምበር 31 ዋሽንግተን ላይ ገና ንጋት ሳለ ኒውዚላንድ እኩለ ሌሊት ደረሰች። መብራቷ አልጠፋም። ሌሎቹ የእሷን ወሬ ሰምተው የየራሳቸውን ሰዓት ጠበቁ። አገር ቤት ታኅሣሥ 21 ቀን 1992 ዓ.ም. ነበር። «እኛ ገና ስምንት ዓመት ይቀረናል፣ ምን አገባን» ያለኝ ዘመድ ነበረኝ። የባንኩም የአውሮፕላኑም ኮምፒውተር ውስጡ የሚቆጥረው በፈረንጅ እንደሆነ አስረዳሁት።

ምንም አልሆነም የሚለውም ልክ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ኢሺካዋ በሚገኝ አንድ የኑክሌር ማመንጫ የጨረር መከታተያ መሣሪያ ተበላሸ፤ ደግነቱ ለአደጋ የሚያደርስ አልነበረም። እንግሊዝ፣ ሼፊልድ ላይ ኮምፒውተሩ የእናቶችን ዕድሜ አሳስቶ ስላሰላ ከ150 በላይ ነፍሰ ጡሮች የተሳሳተ የምርመራ ውጤት ተነገራቸው። ይህ የታወቀው ከወራት በኋላ ነው። ዝም ብሎ የሚሳሳት ማሽን ያልኳችሁ ይሄ ነው።

«ጣሊያንን የመሰሉ አገሮች ብዙም ሳይለፉ አልፈዋል፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ባከነ» የሚሉ አሉ። የባከነ ገንዘብ አለ፤ አልክድም። ግን ዘግይተው የጀመሩት የሚጠቀሙበት ሶፍትዌር በአብዛኛው ሌሎች የሚጠቀሙበት ነው። ሻጩ አንድ ጊዜ ሲያስተካክለው ለሁሉም ተስተካከለ። ቀድሞ ያገኘው ስለተናገረ፣ ዘግይቶ የመጣው ተጠቀመ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሰከንድ ነው። በ32 ቢት፣ ማለት በ32 የዜሮና የአንድ ቦታ ብቻ የሚቆጥሩት 2,147,483,647 ላይ ሲደርሱ ቦታ ያልቅባቸዋል። ይህ የሚሆነው ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። በእኛ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ዕለት። ባሕረ ጥምቀቱ ዙሪያ ሕዝቡ ተሰብስቦ ሳለ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሲያልፍ፣ ያልተስተካከለው ማሽን ወደ 1901 ይመለሳል። አዲስ ስልክና አዲስ ሰርቨር ብዙም አያሳስበኝም። ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓትም ከ2020 ወዲህ ለ32 ቢት ማሽኖች መፍትሔ አለው። የሚያሳስበኝ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የተረሳው ነው፤ ቆጣሪው፣ የፋብሪካው መቆጣጠሪያ፣ የሆስፒታሉ መሣሪያ፣ ማንም አፕዴት የማያደርገው የድሮ ዳታቤዝ።

መፈለጉን አሁን ጀምሩ። መሞከሪያ ማሽን ላይ ሰዓቱን ወደ 2038 ወስዳችሁ ምን እንደሚሆን እዩ። የሚሠራ ሲስተም ላይ ግን በፍጹም እንዳትነኩ። ችግር ስታገኙ የማን ጥፋት እንደሆነ አትጻፉ፤ የት እንዳለ፣ ምን እንደሚያበላሽ፣ መቼ እንደሚደርስ ጻፉ። አለቃችሁ ባይወደውም በጽሑፍ ስጡት። እናንተም አለቃ የሆናችሁ ዕለት፣ ችግር ይዞ የመጣውን ልጅ መጀመሪያ አመስግኑት፤ አንዴ ከተቆጣችሁት ሁለተኛ አይነግራችሁም። ከዚያ ለሻጩ ጻፉ። ያንኑ ዕቃ ናይሮቢ ወይም ካምፓላ ያለ ባለሙያም ገዝቶት ይሆናል፤ ለእሱም ላኩለት።