መሣሪያ ያለው ሰው ተወዳዳሪን ምን ይጠይቅ? ጥያቄና መልስ

ደብረ ማርቆስ የምኖር፣ ከአያቴ የወረስሁትን ምንሽር በፈቃድ የያዝሁ፣ ኢላማ መተኮስ የምወድ ሰው ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም፤ መሣሪያን የሚመለከቱትን ሕጎች ግን ደጋግሜ አንብቤአለሁ። ስለ መሣሪያ ፈቃድና ስለ ምርጫ የሚጠይቅ ካለ እመልሳለሁ ባልሁት መሠረት ከየወረዳው ጥያቄዎች ደርሰውኛል፤ ተመሳሳዮቹን በአንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ከቢቸና፦ ጋሼ፣ መሣሪያ መያዝ በሕገ መንግሥት የተሰጠኝ መብት አይደለም ወይ? በአሜሪካ እንዲህ ነው ሲባል እሰማለሁ።

አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 20 ላይ መሣሪያ ስለ መያዝ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። መሣሪያን የሚያነሳው እንግዲህ ሕግ እንደሚወጣበት ጉዳይ እንጂ እንደ ዜጋ መብት አይደለም። አንቀጽ 30 የመሰብሰብንና የሰላማዊ ሰልፍን መብት ሲሰጥ እንኳ መሣሪያ ሳይዝ በሰላም ለሚሰበሰብ ሰው ነው።

መሣሪያ ስለ መያዝ የሚናገረው የአሜሪካኖቹ ሕገ መንግሥት ሁለተኛ ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀ ቢሆንም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው መብቱ ከሚሊሻ አገልግሎት ጋር ሳይያያዝ የግለሰብ መሆኑን በግልጽ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2008 ሄለር በተባለው መዝገብ ነው፤ ያውም በ5 ለ4 ድምፅ። በዚያው ውሳኔ መብቱ ገደብ የለሽ አለመሆኑ ተጽፏል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «እዚህ እኮ መብት ነው» ሲለን የሚነግረን ግማሹን ነው።

ከቡሬ፦ ለክልል ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው «ከመረጣችሁኝ መሣሪያችሁን የሚነካ የለም» ብሎናል። እንመነው?

በእጁ የሌለውን ነው ቃል የገባላችሁ። ከላይ እንዳልሁት ሥልጣኑ የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ሕጉን የሚያወጣውም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የክልል ተወዳዳሪ ስለ አፈጻጸሙ፣ ማለትም ፖሊስና ሚሊሻ ባለመሣሪያውን እንዴት እንደሚያስተናግዱ ሊጠየቅ ይችላል፤ ሕጉን እለውጣለሁ ካለ ግን ወይ አላነበበም፣ ወይ እናንተ አላነበባችሁም ብሎ ገምቷል።

ከሞጣ፣ ከደጀንና ከፍኖተ ሰላም፦ ብመዘገብ ነገ ዝርዝሩን ይዘው መጥተው ይወስዱብኛል። ለምን እመዘገባለሁ?

ብዙ ሰው የጠየቀው ይህንን ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ፍርሃቱ ከሰማይ አልወረደም። ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ጎጃምን ሲገዙ በነበረበት ዘመን የመሣሪያ ምዝገባ ከሕዝቡ ቅሬታዎች አንዱ ነበር። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣም ገበሬው ዛሬ ግብር ካሉ ነገ ቀላድ (የመሬት መለኪያ ገመድ) ይጥላሉ፣ ከነገ ወዲያ ርስቴን ይነቅላሉ ብሎ ሸፈተ፤ መንግሥትም በመጨረሻ ገዥውን አንሥቶ ውዝፉን ማረ። በጠላት ወረራ ጊዜ እነ በላይ ዘለቀ ከጠላት በማረኩት መሣሪያ ጭምር እንደተዋጉ ከአያቱ የሰማ ልጅ ደግሞ፣ መሣሪያህን አስመዝግብ ሲባል መጀመሪያ የሚታየው መዝገቡ ሳይሆን መሣሪያው ተሰቅሎበት የነበረው ባዶ ምሰሶ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ የራሴን አስመዝግቤአለሁ። ምክንያቴም ቀላል ነው፦ ሽፍታና ገበሬ መንገድ ላይ ሲታዩ ሁለቱም ክላሽ ያነገቡ ሰዎች ናቸው፤ የሚለያቸው ወረቀቱ ነው። በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ ይሁን እንጂ ልማዳችንን ጨርሶ አልካደም፣ መታጠቅ ልማድ በሆነባቸው አካባቢዎች ላሉ ሰዎች የምዝገባ መንገድ አስቀምጧል። አዋጁ በዋናነት የሚቆጣጠረውን አካል የፌዴራል ፖሊስ አድርጎታል።

የኔ ቅሬታ ከምዝገባው ጋር ሳይሆን ምዝገባው ለተመዝጋቢው ከሚሰጠው ዋስትና ጋር ነው። በ2015 የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ከተወሰነ በኋላ ክልላችን ወደ ግጭት ገባ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እንዲህ ባለው ጊዜ ባለፈቃዱ ገበሬ ከሁለቱም ወገን በጥርጣሬ የሚታይ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ለፌዴራሉ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ሲመጣ ልጠይቀው ያሰብሁት ይህንን ነው፦ ፈቃድ ያለው መሣሪያ በጸጥታ ምክንያት ቢወሰድ፣ ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ለባለቤቱ ይሰጣል ወይ? ነገሩ ሲረጋ መመለሻው ቀን በሕግ ይወሰናል ወይ? ካልተመለሰስ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ለሕዝብ ጥቅም ለሚወሰድ የግል ንብረት ተመጣጣኝ ካሣ እንዲከፈል ያዘዘውን እዚህ ላይ ትተረጉመዋለህ ወይ? «እናየዋለን» የሚል ተወዳዳሪ ድምፄን ለማግኘት ይቸገራል።

ከዳንግላ፦ ሌባ በሌሊት በሬዬን ሲነዳ ባገኘው ብተኩስ ሕጉ ምን ይለኛል?

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ጥቃቱ ሕገ ወጥና ሊደርስ የተቃረበ ወይም እየደረሰ ያለ መሆን አለበት፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት፣ መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር መመጣጠን አለበት። ሌባው በሬውን ትቶ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሮጥ ከተኮሱ ጥቃቱ አልቋል፤ ያኔ ተከሳሹ እርስዎ ነዎት። አንቀጽ 79 በድንጋጤ ወይም በፍርሃት ልኩን ያለፈ ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት ይፈቅዳል፤ ይሁንና ከታሰሩ በኋላ የሚነገር ነገር ነው። በሌሊት ደግሞ ማን ላይ እንደተኮሱ አያዩም። የጎረቤት ልጅ በሬውን ሊያስጥልልዎ የሮጠ ሊሆን ይችላል።

ከደብረ ኤልያስ፦ በምርጫ ቀን ፈቃዴን ይዤ ከነመሣሪያዬ ብሰለፍ?

አይቻልም፤ የመያዝ ፈቃድ ምርጫ ጣቢያ የመግባት ፈቃድ አይደለም። አሜሪካኖቹ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 ብሩየን በተባለው ውሳኔያቸው ከቤት ውጭ ሽጉጥ የመታጠቅን መብት ሲያሰፉ፣ የምርጫ ጣቢያን መሣሪያ ሊከለከልባቸው ከሚችሉ ስፍራዎች ጋር ቆጥረውታል። ከኋላዎ የተሰለፈችው ሴት ክላሽዎን እያየች የምትሰጠው ድምፅ የራሷ መሆኑን ማን ያውቃል?

ከማርቆስ፦ በሰርግ ሁለት ጥይት ወደ ላይ መተኮስ ይህን ያህል ነውር ነው? አባቶቻችን ያደረጉት ነው።

አባቶቻችን ሲተኩሱ ጥይት ውድ፣ ቤቱም የተራራቀ ነበር። ከዓመታት በፊት በአንድ ዘመዴ ሰርግ ላይ ሙሽራው ከዳሱ ሲወጣ ተተኮሰ፤ እኔም እልል ካሉት አንዱ ነበርሁ። በማግሥቱ ከሦስት ቤት ወዲያ ያሉ እናት ጠርተው የማዕድ ቤታቸውን ቆርቆሮ አሳዩኝ። ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ፀሐይ በዚያ ገብታ ምጣዱ አጠገብ እንደ ሳንቲም ተቀምጣለች። እርሳሱን ከአመዱ ውስጥ አውጥተው በመዳፌ ላይ ሲያስቀምጡልኝ አንድ ቃል አልተናገሩም። የክላሽ እርሳስ ከአፈሙዝ የሚወጣው በሰከንድ 715 ሜትር ያህል ፍጥነት ነው፤ ዘንበል ተደርጎ ከተተኮሰ ብዙ ኃይል ይዞ ይወርዳል። ከዚያ ወዲህ ሰርግ ላይ ሽለላና ፉከራ ይበቃኛል። መንግሥት መሣሪያችንን ለመውሰድ ሰበብ ሲፈልግ ከኛው ሰርግ የተሻለ ሰበብ አያገኝም፤ ይህን ደግሞ የሚነግረን ተወዳዳሪ አላየሁም፣ ድምፅ ያስቀንሳልና።

ከሉማሜ፦ ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ምንሽሩ ሳጥን ውስጥ ቀርቷል። ፈቃዱ በስሙ ነው። እኔ መሣሪያ ነክቼ አላውቅም፤ ምን ላድርግ?

እግዜር ያጽናዎ፣ እናቴ። ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው ነው፤ ከመሣሪያው ጋር ለወራሽ አይተላለፍም። ልጅዎ ሊይዘው ከፈለገ በራሱ ስም ማመልከት ይኖርበታል። መሣሪያውን ይዘው ወደ ጣቢያ አይሂዱ፤ መንገድ ላይ ያለ ፈቃድ መያዝ ይሆንብዎታል። የባለቤትዎን ፈቃድና የሞት ማስረጃውን ብቻ ይዘው ሄደው ያስታውቁ፣ ያስታወቁበትንም ወረቀት ይቀበሉ። እስከዚያው ሳጥኑን ይቆልፉ፤ ቁልፉ ከልጆች ይራቅ። ምንሽሩ እንደ ጎረሰ ሊቀመጥ ይችላልና የሚያውቅ ሰው መጥቶ ባዶ መሆኑን እስኪያይ ድረስ አቧራውን እንኳ ልጥረግ ብለው አይንኩት።