የኤች ድልድይ የት ገባች?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ሐዋሳ ውስጥ አነስተኛ የዲዛይን ቤት አለኝ። ብዙ ጊዜ የምሠራው የሰርግ ጥሪ ካርድ ነው። የሙሽሮቹን ስም በእንግሊዝኛ ስጽፍ ቦዶኒ የሚባለውን ፎንት እጠቀማለሁ። ኮምፒውተር ላይ በጣም ያምራል። ታትሞ ሲመጣ ግን ቀጫጭኖቹ መስመሮች ተቆራርጠው ወይም ጭራሽ ጠፍተው አገኛቸዋለሁ። ማተሚያ ቤቱ «ችግሩ ያንተ ፋይል ነው» ይለኛል። እውነት ነው? ለአማርኛውስ የትኛውን ፎንት ልጠቀም?
መ.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁስሌን ነካህብኝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን 300 የሰርግ ካርድ አሠራሁ። ካርዱ በወይን ጠጅ ቀለም ተሞልቶ ፊደሉ ነጭ ሆኖ እንዲቀር ነበር የፈለግኩት። የሙሽሪት ስም የሚጀምረው በኤች ነው። በቦዶኒ የኤች ሁለቱ ቋሚዎች ወፍራም ናቸው፤ መሃል ላይ የምታገናኛቸው ድልድይ ግን እንደ ጸጉር የቀጠነች ናት። ቀለሙ ከላይና ከታች ተስፋፍቶ ዋጣት። 300ውም ካርድ ላይ ሁለት ምሰሶ ብቻ ቆሞ ቀረ። የሙሽሪት እናት ካርዱን አንስተው «የልጄን ስም ምን አደረግከው?» ያሉኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ይህን ፊደል ማጥናት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ፊደሉን የቀረጸው ጃምባቲስታ ቦዶኒ ጣሊያናዊ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1768 ጀምሮ በፓርማ የመስፍኑን ማተሚያ ቤት ይመራ ነበር። ፓሪስ ውስጥ ደግሞ የዲዶ ቤተሰብ ተመሳሳይ ፊደል ይቀርጽ ነበር። ወፍራሙን መስመር አወፈሩት፣ ቀጭኑን እጅግ አቀጠኑት። ውበቱ ያለው እዚያ ልዩነት ላይ ነው። ግን ለስላሳ ወረቀት ይፈልጋል። ስለዚህ ደንበኛህ ሻካራ፣ ጨርቅ ጨርቅ የሚል ወረቀት ከመረጠ ወይ ወረቀቱን አስቀይረው ወይ ፊደሉን ቀይር።

አሁን ወደ ፋይልህ ልምጣ። ቦዶኒ በ1813 ሞተ። የፊደሎቹን መድብል ጨርሳ በ1818 በሁለት ቅጽ ያሳተመችው ባለቤቱ ማርጌሪታ ናት። እዚያ ውስጥ 142 የቀጥታ ፊደል ዓይነቶች አሉ፤ ለየአንዳንዳቸውም ዘመም ያለ ጓደኛ አላቸው። ምን ያደርጋል ይህ ሁሉ? ያኔ እያንዳንዱ መጠን ለብቻው በእጅ ይቀረጽ ነበር። ትንሹ ፊደል ሲቀረጽ ቀጭኑ መስመር እንዳይጠፋ ወፈር ይደረጋል። እኛ ግን አንዱን ሥዕል ነው ስናሳንስ ስናሳድግ የምንውለው። ለትልቅ ርዕስ የተሣለውን ቦዶኒ ወደ 10 ነጥብ (ነጥብ የፊደል መጠን መለኪያ ነው) ስታወርደው ያቺ እንደ ጸጉር የቀጠነች መስመርም አብራ ትሰልላለች። ማተሚያ ቤቱ ፋይልህን የወቀሰው በዚህ ከሆነ እውነቱን ነው።

መፍትሔው ቅርብ ነው። ቦዶኒ ሞዳ የሚባለውን ከጉግል ፎንትስ በነጻ አውርድ። ከ6 እስከ 96 ነጥብ ድረስ እንደ መጠኑ ቅርጹን የሚያስተካክል ነው። ለአድራሻና ለሰዓት የትንሹን ቅርጽ፣ ለስም የትልቁን ውሰድ። ሌላም ነገር ተመልከት፤ ፊደሉን ግራጫ አድርገህ እንዳይሆን። ግራጫ በኦፍሴት ሲታተም ነጠብጣብ ነው። ቀጭን መስመር በነጠብጣብ ሲሠራ መቆራረጡ አይቀርም። ሙሉ ጥቁር ወይም አንድ ሙሉ ቀለም አድርገው። ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ፊደል ካስፈለገህ ደግሞ ወፈር ያለውን ምረጥ። እኔ ከ30 ነጥብ በታች አልሞክረውም።

አማርኛውን በተመለከተ፣ ቦዶኒ ውስጥ የእኛ ፊደል የለም። አማርኛ ስትጽፍበት ኮምፒውተሩ ሳይነግርህ ሌላ ፎንት ይተካል። ስለዚህ ራስህ ምረጥ። አቢሲኒካ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት እመክርሃለሁ። ነጻ ነው፤ መሠረቱም የብራና ጽሕፈት ነው። ቁም ጸሐፊ በመቃ ብዕር ሲጽፍ ቋሚው ይወፍራል፣ ማያያዣው ይቀጥናል። የእኛም ፊደል የራሱ ወፍራምና ቀጭን አለው ማለት ነው፤ ከጣሊያን መዋስ አያስፈልገውም። አማርኛውን እየጎተቱ ቦዶኒ ለማስመሰል የሚሞክሩ ሥራዎች አያለሁ። እባክህ አንተ አታድርገው። «ሀ»ን የእንግሊዝኛ ጫማ ስታለብሳት ያሳዝናል። መጠኑን ደግሞ በቁጥር ሳይሆን በዓይንህ መጥን። የእኛ ፊደል ትንሽና ትልቅ ብሎ ስለማይለይ ከእንግሊዝኛው ትንንሽ ፊደሎች አጠገብ ገዝፎ ይታያል፤ ትንሽ ቀንስለት። የአማርኛውን ስም ግን ከላይ አድርገው። ካርዱን ተቀብለው የሚያነቡት አያቶች ናቸው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሆኜ የሐበሻ ቀሚስ እሸጣለሁ። ለሱቄ ስም እንደ ቮግ መጽሔት ያለ ፊደል ብጠቀም ይሄዳል?
ሰ.፣ ከዱባይ

መልስ፦ ይሄዳል እህቴ። የቮግ ፊደል የዲዶ ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ፊደል ሠሪ ጆናታን ሆፍለር ሃርፐርስ ባዛር ለሚባለው የፋሽን መጽሔት ዲዶን እንደገና ሲሠራው በሰባት መጠን ነጣጥሎ ነው የሣለው፤ ቅድም ባልኩት ምክንያት፣ ፊደሉ ሲያንስ ቀጭኑ መስመር እንዳይጠፋ ነው። ለሱቅሽ ታፔላና ለኢንስታግራም ገጽሽ በትልቁ ተጠቀሚበት። ቀሚሱ አንገት ላይ ለምትሰፊው ምልክት ግን ወፍራሙንና ቀላሉን ፊደል አድርጊ። በክር የሚሠራ ጸጉር የመሰለ መስመር ሁለት እጥበት አይችልም።