የጉበት ስብ ያለ ቀዶ ሕክምና እንዴት ይለካል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 46፣ ክብደቴ 84 ኪሎ ነው፤ የምሠራው ፒያሳ ነው። ለሆድ ሕመም አልትራሳውንድ ታዝዞልኝ «ፋቲ ሊቨር ግሬድ 2» የሚል ውጤት ተሰጠኝ። መጠጥ እምብዛም አልጠጣም። በደም ምርመራ የጉበት ኢንዛይሞቹ ኤስጂፒቲ 58፣ ኤስጂኦቲ 41፣ የደም መርጊያ ሴሎቹ (ፕላትሌት) ደግሞ 230 ሺህ ናቸው። አንድ ባልደረባዬ «ስንት በመቶ እንደሆነ የሚታወቀው ጉበትህ ተቆርጦ ሲታይ ነው» ብሎ አስፈራራኝ፤ ሌላው ደግሞ ኤምአርአይ ተነሣ ይለኛል። ያለ ቀዶ ሕክምና መለካት ይቻላል? የትኛውንስ ልምረጥ?

መልስ፦ ይቻላል። የስቡን መጠን ለማወቅ ተብሎ ሆድ አይከፈትም። ባልደረባዎ የሰሙት ስለ ባዮፕሲ ይመስለኛል። እሱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ቆዳው በማደንዘዣ ደንዝዞ፣ በጎድን አጥንቶች መካከል በሚገባ መርፌ ቀጭን ናሙና የሚወሰድበት ነው። ናሙናው ከጠቅላላው ጉበት 50,000ኛውን እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ስብ ደግሞ በጉበት ውስጥ ሁልጊዜ እኩል አይሰራጭም። ስለዚህ ለስብ ልኬት ብቻ ከሆነ ጥሩ ምስል ከመርፌው ይሻላል። መርፌው የሚፈለገው ምርመራዎች እርስ በርስ ሲጋጩ ወይም ሌላ የጉበት በሽታ ሲጠረጠር ነው።

በእጅዎ ያለው «ግሬድ 2» የዓይን ግምት ነው። ስብ የያዘ ጉበት የድምፅ ሞገዱን ስለሚበትን ከቀኝ ኩላሊት ጋር ሲነጻጸር ነጥቶ ይታያል። ነጥቶም በውስጡ ያሉት የደም ሥሮች በደንብ ከታዩ ግሬድ 1 ይባላል። የሥሮቹ ግድግዳ ሲደበዝዝ 2፣ ከጀርባ ያለው ድያፍራም (ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ) ጭምር ሲሰወር 3። ያንኑ ጉበት አንዱ ባለሙያ 1፣ ሌላው 2 ሊለው ይችላል። ኩላሊቱ ራሱ ታሞ ከነጣ ደግሞ ማነጻጸሪያው ይበላሻል። ከ20 በመቶ በታች የሆነ ስብም ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ስለዚህ ይህን ግሬድ ወደ በመቶ ለመቀየር አይሞክሩ።

ቁጥር የሚሰጥ ቀላሉ መሣሪያ ፋይብሮስካን ነው። በጀርባዎ ተኝተው ቀኝ እጅዎን ከራስዎ በላይ ያደርጋሉ፤ ባለሙያው በጎድን አጥንቶች መካከል ጄል ቀብቶ ፕሮብ የተባለውን የመሣሪያውን መዳሰሻ ያሳርፋል። ፕሮቡ ቆዳውን መታ መታ ሲያደርግ ሁለት ነገር ይለካል። አንደኛው ካፕ ይባላል፤ የድምፅ ሞገዱ በስቡ ምክንያት ምን ያህል እንደደከመ በዴሲቤል በሜትር ይገልጻል፣ ከ100 እስከ 400። ከ275 በላይ ከሆነ ስብ ስለመኖሩ እምብዛም አያጠራጥርም። ሁለተኛው በኪሎፓስካል የሚገለጽ፣ ጠባሳ ሲበዛ የሚጨምር የጉበት ጥንካሬ ነው፤ ከ8 በታች ከሆነ የከፋ ጠባሳ የመኖር ዕድሉ ዝቅተኛ ነው፣ ከ12 በላይ ከሆነ ግን ስፔሻሊስት ማየት ይኖርበታል። በእኔ አስተያየት ከሁለቱ ክብደት ያለው ይኸኛው ነው፤ ወደፊት ጉበቱ ምን እንደሚሆን ይበልጥ የሚጠቁመው ከስቡ ይልቅ ጠባሳው ነው።

ይህ ምርመራ የሚበላሸው በጥቃቅን ነገር ነው። ከምግብ በኋላ ወደ ጉበት የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ጥንካሬው ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ቢያንስ 3 ሰዓት መጾም ያስፈልጋል። ቀጠሮዎ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሆነ ከ12 ሰዓት ወዲህ ቁርስም ሆነ ስኳር ያለው ቡና ይቅርብዎ። ከቆዳ እስከ ጉበት ያለው ርቀት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ተራው ኤም ፕሮብ ስለሚሳሳት ኤክስኤል የተባለው ይፈለጋል፤ ወፈር ያሉ ከሆነ ቀጠሮ ሲይዙ ፕሮቡ መኖሩን ይጠይቁ። ውጤቱ ላይ 10 ትክክለኛ ልኬት መወሰዱን ይመልከቱ፤ «አይኪውአር» የተባለው መዋዠቅም ከ30 በመቶ መብለጥ የለበትም። የልብ ድካም ወይም አጣዳፊ የጉበት ብግነት ባለበት ሰው ላይ ቁጥሩ ጠባሳ ሳይኖርም ይዘላል። በሆድ ውስጥ ውሃ ከተጠራቀመ ደግሞ ጨርሶ ላይለካ ይችላል።

ኤምአርአይን በተመለከተ ሌላው ባልደረባዎ ትክክል ናቸው፤ ስብን በትክክል በመለካት ከምስል ምርመራዎች የሚበልጠው የለም። በውሃና በስብ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን በማግኔቱ ውስጥ የሚርገበገብበት ፍጥነት ይለያያል፤ የማግኔቱ ጉልበት 1.5 ቴስላ በሆነ ማሽን ልዩነቱ በሰከንድ 220 ዙር ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት የሁለቱ ምልክት በየ2.3 ሚሊሰከንዱ አንዴ ይቃረናል፣ አንዴ ይደመራል። ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ 6 ቅጽበት ላይ ምልክቱን ይዞ የስቡን ድርሻ በመቶ ያሰላል፤ ይህ ፒዲኤፍኤፍ ይባላል። 5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ጉበቱ ስብ አለው፤ 17 አካባቢ መካከለኛ፣ ከ22 በላይ ከባድ ነው። «22 በመቶ ምን አላት» እንዳይሉ፤ በመርፌ ናሙና ላይ ከሚቆጠረው በመቶ ጋር አንድ አይደለም፣ ያ ስብ የያዙ ሴሎችን ሲቆጥር ይህ የስቡን ምልክት ራሱን ይለካል። በክንድ የሚሰጥ ቀለም አያስፈልግም። ትንፋሽ ይዞ 20 ሰከንድ ያህል መቆየት ግን ግድ ነው፤ መሐል ላይ ከተነፈሱ ምስሉ ይበላሻል፣ ቤት ውስጥ ይለማመዱት።

ገንዘብ በከንቱ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። የትእዛዝ ወረቀቱ ላይ «የሆድ ኤምአርአይ» ብቻ ከተጻፈ የሚመለስልዎ «ስብ ይታያል» የሚል ቃል ነው፣ እሱን ደግሞ አልትራሳውንዱ ነግሮዎታል። ከመክፈልዎ በፊት ማዕከሉ ፒዲኤፍኤፍ የሚሠራ ፕሮግራም ይኖረው እንደሆነ ይጠይቁ፤ በጂኢ ማሽን አይዲያል አይኪው፣ በሲመንስ ሊቨርላብ፣ በፊሊፕስ ኤምዲክሰን ኳንት ይባላል። ሪፖርቱ ስሌቱ በጉበት ውስጥ ላለው ብረት መታረሙንም ይግለጽ፤ ብረት የበዛበት ጉበት በአሮጌው ባለሁለት ምስል ዘዴ ስቡን ያሳስታል። ሰውነትዎ ውስጥ ብረት ነክ ነገር ወይም የልብ ምት መቆጣጠሪያ ካለ አስቀድመው ይናገሩ።

ሲቲ ስካን ለዚህ ብሎ ማንሣት ተገቢ አይደለም፤ ጨረር አለው፣ ከ30 በመቶ በታች የሆነ ስብም ያመልጠዋል። ለኩላሊት ጠጠር ተብሎ ያለ ቀለም የተነሣ ሲቲ ካለዎት ግን አይጣሉት፤ የጉበቱ ልኬት (ሃውንስፊልድ በተባለው የሲቲ መለኪያ) ከ40 በታች ከሆነ ወይም ከጣፊያው በ10 ካነሰ ራዲዮሎጂስቱ ስቡን ከዚያው ያነበዋል።

አሁን ወደ እርስዎ። ከማሽን በፊት የጉበት ጠባሳን የሚገምት አንድ ስሌት አለ፣ ፊብ-4 ይባላል፤ ወጪው የካልኩሌተር ነው። ዕድሜን በኤስጂኦቲ ያባዙ፦ 46 × 41 = 1,886። የኤስጂፒቲ ስኩዌር ሩት 7.6 ነው፤ በፕላትሌት 230 ሲባዛ 1,750 አካባቢ ይመጣል። 1,886ን ለዚህ ሲያካፍሉ 1.08 ይሆናል። ከ1.3 በታች በመሆኑ የከፋ ጠባሳ የመኖር ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ከ2.67 ቢያልፍ ኖሮ በቀጥታ ወደ ስፔሻሊስት እልክዎ ነበር። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ለሆኑ ዝቅተኛው ወሰን 2 ነው።

ስለዚህ ለኤምአርአይ አሁን አይክፈሉ። የጾም ስኳርዎንና የደም ቅባትዎን ያሠሩ። ስኳር ከሌለ ፊብ-4ን ከ2 እስከ 3 ዓመት ውስጥ ይድገሙ፤ ካለ ግን በ1 ወይም 2 ዓመት። ቁጥር ካላየሁ አልረጋጋም ካሉ ፋይብሮስካን ይበቃል፤ ከ6 ወር በኋላ ሲደግሙት በዚያው ዓይነት መሣሪያና ፕሮብ ይሁን፣ ካፑ በ20 ወይም 30 ቢቀያየር አይደናገጡ። እስከዚያ ከ84 ኪሎው ከ6 እስከ 8 ኪሎ መቀነስ ስቡንም ብግነቱንም ያወርዳል፤ ለስላሳ መጠጥ፣ በዘይት የሚዋኝ የጾም ወጥና በአንድ ማዕድ የሚደራረብ እንጀራ መጀመሪያ የሚቀነሱት ናቸው።

የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ ካላደረጉ ደግሞ በዚያው ቀን ደምዎን ይስጡ። ከሁለቱ አንዱ ከተገኘ ኤስጂፒቲው 58 የሆነው በስቡ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ወረቀቶቹን ይዘው ወደ ጉበት ክትትል ክሊኒክ ይሂዱ። ጫት የሚቅሙ ወይም የባህል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩት።